ድሩ እንዳይላላ

«ጠበቅ ላድርገው፣ ልጄ?» አለቻት ሸማኔዋ፤ መልሱን ሳትሰማ ጠበቅ አደረገችው።

ሰፊው የቆዳ መታጠቂያ በመንገደኛዋ ጀርባ ዞሮ ወገቧን ያዘ። ድሩ ከፊቷ ካለው ምሰሶ ይነሣና በእግሮቿ ላይ አልፎ ጭኗ ላይ ካለው ዘንግ ይታሰራል፤ ዘንጉ ደግሞ ከመታጠቂያው ጋር። በዚህ የእጅ ሥራ ገበያ ጨርቅ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሸማኔዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ክሩን በገዛ ወገቧ ትወጥረዋለች።

መንገደኛዋ ልጇን ይዛ የመጣችው ለማየት ብቻ ነበር። ግን በዕድሜ የምትበልጣት ሴት ምንጣፍ አራግፋ «እስቲ ሞክሪው» ስትላት እንዴት እንቢ ይባላል? ይሉኝታዋ ጎትቶ አስቀመጣት።

«ወደ ኋላ ለጠጥ በይ። እንዳትነሺ ብቻ! ከላላ እርስ በርሱ ይተበተባል፤ የልጄ የሰርግ ልብስ ነው።»

«ውይ እማማ! ታዲያ ለኔ እንዴት ይሰጡኛል?»

«ወገብሽ ይችላል፤ አየሁት እኮ» ብላ ሳቀች ሸማኔዋ። «ቀይ ክር ከእህቴ ጋ ላምጣ። መጣሁ!» ብላ ሄደች።

መንገደኛዋ ማጉን አንዴ አሳለፈች፤ መልሳም አሳለፈች። ደስ አላት። «አየሽ፣ ወላቃዬ?» አለች ቀና ሳትል። የፊት ጥርሶቿ በቅርቡ የወለቁላት ልጇ ከጎኗ ሆና ዶቃ ትነካካ ነበር። ዞር አለች። ዶቃው አለ፤ ልጅቷ የለችም።

አንገቷን አስግጋ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ። ቅርጫት፣ ማሰሮ፣ የተሰቀለ ምንጣፍ፣ የሰው እግር። ቀሚሴን እንዳትለቂ ብላ ስንቴ ነግራታለች! ግን የተቀመጠች እናት ቀሚስ ምኑ ይያዛል?

ብድግ ልትል ከመሬት ተነቃነቀች። ክሮቹ ወዲያው ረግበው አንዱ ባንዱ ላይ ተኛ።

«ኧረ ድሩ! ድሩን!» ብለው ጮኹባት ማዶ ያሉት ቅርጫት ሻጮች።

ተመልሳ ቁጭ አለች።

የገባት ቁጭ ካለች በኋላ ነው። ልጇ ጠፍታ እሷ ለሰው ክር ተቀመጠች። ከጀርባዋ ቋጠሮ ፈለገች፤ ቋጠሮ የለም፣ ቆዳ ብቻ። በድንጋጤ ወደ ኋላ በሸሸች ቁጥር መታጠቂያው ይብስ ይነክሳታል።

ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት «ወላቃዬ!» ብላ ጮኸች።

ከቅርጫት ሻጮቹ መሀል አንዲት ጥርስ የሌላቸው አሮጊት «አቤት!» አሉ። «ወላቃስ እኔ አለሁ። ለምን ፈለግሽኝ?»

«ልጄን! ልጄ ጠፋችብኝ!»

የአሮጊቷ ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀረ። «እናንተ ሴቶች፣ ልጅ ጠፍታለች! የፊት ጥርሷ የወለቀ!» ብለው ለጎረቤታቸው አቀበሉ፤ ጎረቤታቸው ለሸክላ ሠሪዋ፣ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ታች። ጥሪው ከመደብ ወደ መደብ እየተላለፈ ራቀ፣ ራቀ፣ ከዚያም ጠፋ። አገር ሙሉ ልጇን ሲፈልግ እሷ ከምሰሶው ጋር ቀረች።

«ተገኘች!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ተገኝታለች በሏት!»

ሸማኔዋ ባንድ እጇ ቀይ ክር፣ በሌላው ልጅቷን ይዛ ብቅ አለች። «ተከትላኝ መጥታ እህቴ ጋ ክር ታጠነጥናለች። እኔማ አንቺ የላክሻት መስሎኝ!»

መንገደኛዋ ወደ ፊት ተዘርግታ ልጇን ሳበቻት። ጎንበስ ስትል መታጠቂያው በራሱ ጊዜ ላልቶ ከወገቧ ተንሸራተተ፤ ሸማኔዋ ዘንጉን ሳይወድቅ ቀለበችው።

ልጅቷ ፊቷን ከእናቷ ደረት ለማላቀቅ ታገለች።

«እማዬ፣ ልቀቂኝ» አለች። «አፈንሽኝ።»

እናትየው መስማቱን ሰማች። እጆቿ ግን እንቢ አሉ።