የመጨረሻው ደህና ቅጂ

የእናቴ ትዝታ ሰመራ ያለ ሰርቨር ላይ መኖር ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖሩት። ሰርቨሮቹን ከቤቴ ሆኜ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ወደ ሰርቨሮቹ የላክሁት የሶፍትዌር ማሻሻያ ስልሳ በመቶ ላይ ቀጥ አለ። እማዬ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ሰፌዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ብጠራት ዓይኗ አልዞረም።

ሰመራ ወዳለው ባልደረባዬ ሁመድ ደወልኩ።

"ቶሎ ወደ መጨረሻው ደህና ቅጂ መልሻት! አሥር ደቂቃ ካለፈ መናገርም ትረሳለች" አለኝ።

"የመቼ ቅጂ ነው ያለው?"

"ከወር በፊት የወሰድሽው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።"

እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ ቅጂ መውሰድ ማን ትዝ ብሎት!

መመለሻውን ተጫንኩት። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ ምስሩን አይታ ፈገግ አለች።

"አባትሽ በርበሬ የበዛበት አይወድም፤ አልጫ እናድርግለት።"

ቀና ስትል ጥቁር ልብሴን አየች። ቀጥላ የራሷን አየች።

"ልጄ፣ ማን ሞቶብን ነው?"