ነጩ ሻጋታ

ሮሐ ስልኳን በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወደ ታላቅ እህቷ ወደ ሣህሊቱ ገፋ አደረገችው። በምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ያነሳችው ፎቶ ነው፤ በሁለት ክብ ሳህኖች ላይ ያደገ ሻጋታ። «አረንጓዴው፣ እትዬ፣ ባል የለ፣ ሚስት የለ፣ ብቻውን ዘሩን ይበትናል። ከነጩ ላይ ግን አንዲት ጂን፣ ዘር እንዲያወጣ የምታዘውን፣ ሪሙቭ አደረግን፤ ሶ እንደ ጥጥ ይፋፋል እንጂ ዘር የለውም።»

ሣህሊቱ ነጩን አተኩራ አየችው። እግዚአብሔር ልጅ እንዲሰጣት መጸለይ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት አልፏት ነበር። «ጂኗ ብትመለስለትስ?»

«በሁለት በሦስት ቀን አረንጓዴ ይሆናል።»

«አይ መታደል!» አለች። በሻጋታ መቅናቷ ራሷን አሳቃት።

አስተናጋጁ መጣ። «ክትፎው ጥሬ ነው ለብለብ?»

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጥሬ ክትፎ ሲነሳ ሮሐን የሚቀድማት አልነበረም። «የእኔ በደንብ ይብሰል» አለች፣ ዓይኗን ከሜኑው ሳታነሳ።

የሣህሊቱ ሳቅ ቆመ። ሐኪም ጥሬ ሥጋ ማንን እንደሚከለክል ታውቃለች። «ስንት ወርሽ ነው?»

«ሦስት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሣህሊቱ። ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ግን አስተናጋጁ ውሃ አምጥቶ፣ ለሁለቱም ቀድቶ፣ ሄዶ ነበር።