ቦይ ጠራጊዋ አኒስ

“ባሌን የገደለው ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?” አለች አኒስ ፔል፣ ከመቃብሩ አጠገብ ሳትነሣ።

ቄስ አምብሮዝ ጉሮሮውን ጠረገ። “በንጉሡ ደብዳቤ ላይ ያለው ቃል ድሬን ነው ልጄ። እናቶቻችን ወተት ሲያጠልሉ ይሉታል። ሥሩ ግን ‘ደረቅ’ ከሚለው ነው ይባላል። ማድረቅ ማለት ነው።”

“እስከ የት ድረስ?”

“ቃሉ ልክ አያስቀምጥም።”

በምሥራቅ እንግሊዝ ያለው ረግረግ የመንደሩ ሁሉ ጓዳ ነበር፤ ዓሣው፣ ዳክዬው፣ ሸምበቆው። ሰር ማይልስ ኮዶርን ድሬን የሚል የንጉሥ ደብዳቤ ይዞ መጣና ውሃውን በቦይ አንጠፈጠፈው፤ ወንዙንም በግድብ አጠረው። የአኒስ ባል፣ ዓሣ አጥማጁ ዋት ፔል፣ ግድቡን ሲቆርስ ተያዘ። ከወህኒ የወጣው ሬሳው ነው።

ሰር ማይልስ በግድቡ ላይ ጠባቂ አቆመ። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያችን ሴትዮ ዓይናችሁ እንዳይለቃት” አላቸው።

ወር ሳይሞላ በጠራራ ፀሐይ አካፋ ይዛ፣ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ገብታ አገኟት። እየጎተቱ ፊቱ አቀረቧት።

“ግድቤን ልትንጂ ነው አይደል?”

“ቦዩን እየጠረግሁ ነው ጌታዬ። ሣር ይዞት ውሃው አልወርድ ብሏል።”

ሄደው ቢያዩ እውነቷን ነው። ሰር ማይልስ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሐዘን አእምሮዋን ነክቷታል አለ። ቦይ ጠራጊ አድርጎም ቀጠራት።

አኒስ ሠራች። በየዓመቱ “ቦዩ አንድ ክንድ ቢጠልቅ ስንዴው ይበልጥ ያምራል” ትለዋለች፤ ይጠልቃል፤ ስንዴውም ያምራል። ሰር ማይልስ በደረቀው መሬት መካከል ባለ ሃያ መስኮት የጡብ ቤት ሠራ።

ጎረቤቶቿ ሲያልፉ ይተፉባታል። “የባልሽን ገዳይ ታደልቢያለሽ? አፈር ብዪ!”

እሷ እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ከበሰበሰ ሸምበቆ የሆነውን፣ እንደ እንጨት የሚነደውን ጥቁር አፈር በጡብ ልክ እየቆረጠች ለማገዶ ታሰጣለች። ሲደርቅ ግማሹ ብቻ ይቀራል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የትልቁ ቤት በር አልገጥም አለ። ቀጥሎ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

“ከሥር እየቦረቦርሽው ነው!” ብሎ ጮኸባት ሰር ማይልስ። ጠባቂዎቹ ዙሪያውን ቆፈሩ፤ የአይጥ ጉድጓድ እንኳ አጡ። ግድቡን መረመሩ፤ አንድ እፍኝ አፈር አልጎደለውም።

እሱ ራሱ ሊያይ ወጣ። የበሩ ደረጃ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ቀና ቢል በወንዙ ላይ የምትሄድ ጀልባ ከጎተራው ጣሪያ በላይ ታልፋለች።

“ወንዙ ሞላ እንዴ?” አለ።

“ወንዙስ ባለበት ነው ጌታዬ። መሬትዎ ነው የወረደው። ደረቀ።”

“ምን ያቆመዋል?”

አኒስ አካፋዋን ሣሩ ላይ ጠረገችው። “ውሃ ሲጠጣ ይቆማል።”

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠባቂዎቹ ግድቡን የሚቆርስ ሰው አይተው “ያዘው! ያዘው!” እያሉ ሮጡ፤ ሲደርሱ ሰር ማይልስ ነው፣ ካፖርቱን አውልቆ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ።