ጉልላት ሀቫና እስኪገባ

ጉልላት ለሥልጠና ወደ ሀቫና በተሸኘ ዕለት እናቱ እማማ ጌጤ ከቦሌ በቀጥታ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ተሳሉ፤ ልጃቸው በሰላም ሀቫና እስኪገባ እህል ላይቀምሱ።

መሸኘቱም መሸኘት አልነበረም። ሠልጣኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ኮት ለብሰዋል። እማማ ከሰገነቱ ላይ ነጠላቸውን ያውለበለቡት ለየትኛው እንደሆነ ሚስቱ ጽጌረዳም አላወቀችም። ብቻ የመጨረሻው ኮት አውሮፕላኑ ውስጥ እስኪገባ አለቀሱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጉለሌ ያለችው አንድ ክፍል ቤታቸው በጠያቂ ሞላች። እማማ መሬት ድረስ በአልጋ ልብስ ከተሸፈነው ትልቁ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ገባ ይሆን? ልጄን እንኳን ሰማዩ፣ የሸጎሌ አውቶቡስም ያዞረዋል።»

ሁሉም ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጓድ አጥናፉ ዞረ። አጥናፉ አንድ ጊዜ በአውሮፕላን አስመራ ደርሶ ስለተመለሰ ስለ ሰማይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«አስመራ ቅርብ ናት። ሀቫና ግን ከአሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማታ ይገባል።»

«ጠዋት ይገባል አላልክም እንዴ ጓድ?» አለች ጎረቤታቸው የዓለምወርቅ።

«ነዳጅ የሚቀዳበትን ረስቼ ነዋ!»

እማማ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

ጽጌረዳን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ለስእለቱ መፍቻ የጋገረችው ድፎ ዳቦ አልጋው ግርጌ መሶብ ውስጥ ነበር። ጠዋት ስታየው ጠርዙ ተገምጧል። ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደግሞ ግማሹ የለም። ቤት የነበሩት አማቷና ገና የሚድኸው ልጇ ብቻ ናቸው። ስእለቱ ከፈረሰ አውሮፕላኑ ያለው ባሕር ላይ ነው!

ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «እማማ፣ ከዳቦው... ማለቴ፣ ረሃብ ክፉ ነው፤ አልፈርድብዎትም።»

«እኔ? እመብርሃንን! ልጄን ባሕር ላይ ልጣለው?»

በዚህ መሃል ሕፃኑ ከአልጋው ሥር እየዳኸ ወጣ። አፉ ዙሪያውን ፍርፋሪ ነው። ለልጁም አጉርሰውታል ማለት ነው! አለች ጽጌረዳ በልቧ።

«አባ! አባ!» አለ ሕፃኑ ወደ አልጋው እየጠቆመ።

«ውይ፣ አባቱ ናፍቆት እኮ ነው!» ብላ የዓለምወርቅ እንባዋን ጠረገች። ሌሎቹም ከንፈራቸውን መጠጡ።

አጥናፉ ግን ገና በሐሳብ አየር ላይ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ፤ የሰዓት ልዩነትም አለ። እነሱ ከእኛ ወደ ኋላ ናቸው። እኛ ዛሬ ስንል እዚያ ትናንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚገባው ነገ ነው።»

«ነገ?» አሉ እማማ፤ ዓይናቸው ተገለበጠና ወደ ጎን ዘንበል አሉ።

ቤቱ ተተረማመሰ። ጽጌረዳ ደግፋ ይዛቸው ውሃ ፊታቸው ላይ ረጨች። የዓለምወርቅ ዳቦ ቆርሳ አፋቸው ላይ ብትደቅን ጥርሳቸውን ገጠሙ።

«አልበላም! ልሙት እንጂ ልጄ ሳይገባ አልበላም!»

«እማዬ፣ ገብቻለሁ! በቃ ብዪ!» አለ ጉልላት ከአልጋው ሥር።