አርባ ሦስት ሰው ብቻ የሚከታተለው ፖድካስት

«እስቲ መልሰሽ ክፈችው...»

የፊዚክስ መምህሩ ቲቸር ሙሐዲን ወረቀት እያረመ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሀዲያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድጋሚ ከፈተችው። ጎርነን ያለ የሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ እያለ ፊዚክስ ያነባል...

የመምህሩ ፊት ተለዋወጠ። ሀዲያ ግን ምክንያቱ አልገባትም።

ዓመቱ 2015 ነው። ሀዲያ ሐይቅ ከተማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ሲጀመር አንዱ መጽሐፍ ለስድስት ተማሪ ነበር የሚደርሰው።

እሷም ስልኳ ላይ ስትፈልግ ስትፈልግ «ደብተር» የሚባል ፖድካስት አገኘች።

ሙዚቃ የለው... ማስታወቂያ የለው... ተከታዮቹ አርባ ሦስት ሰው ብቻ።

ለእናቷ የገበያ በርበሬ እየቀነጠሰች ኢርፎን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ታዳምጠዋለች።

ሰውዬው አንዳንዴ ቃል ይገድፋል። ባዕድ ፊደል ሲያጋጥመው «ክብ ሆና መሀሏን ጭረት ያለፋት ምልክት» ብሎ ያልፋል። ቀልደኛ መምህር ነው ብላ ትስቅ ነበር።

ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ስለምታፍር ከሐይቅ ነኝ ብላ ያልገባትን ኮሜንት ላይ ትጽፍለታለች። ሳምንት ይቆያል እንጂ መልሱ አይቀርም። «ለሐይቋ ተማሪ» ብሎ ይጀምርና ጥርት አድርጎ ያስረዳታል።

ከዚያ የሞዴል ፈተና መጣ...

ፊዚክስ ወደቀች። ሦስቱን ጥያቄ የሳተችው ሰውዬው የመቀነስ ምልክቱን ዘሎ ባነበበው ቀመር ነው።

ደሟ ፈላ። ቁጭ ብላ ጻፈችለት...

«መምህር ሳትሆን መምህር መስለህ ታሳስተናለህ። የማታውቀውን ከምታወራ ዝም ብትል ምን አለበት?»

ሰውዬውም ዝም አለ... አንድ ሳምንት... ሁለት ሳምንት።

ዛሬ ቲቸር ሙሐዲን ይህን የተሳሳተ ቀመር ከየት አመጣሽው ብሎ ስለጠየቃት ነው ድምፁን የከፈተችለት።

«እኚህ ሰው አያ ፈንታሁን ናቸው» አላት። «አርዲቦ ሐይቅ በኩል ያሉ ገበሬ... መምህር አይደሉም።»

ሰውየው በየገበያው ቀን እየመጡ ጥያቄ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ያሳዩታል። ለልጅ እንደምታስረዳ አድርገህ ንገረኝ ይሉታል። እሱም ለዘመድ ልጅ መስሎት ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ነበር።

ሀዲያ የጥያቄዎቹን ዓይነት ሲነግራት ክው አለች። የራሷ ጥያቄዎች ናቸው። ክፍል ውስጥ ልትጠይቀው ያፈረችውን መምህር፣ ሽማግሌው በእግራቸው እየመጡ ሲጠይቁላት ኖረዋል...

ቅዳሜ ሁለቱም ሄዱ። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር።

አያ ፈንታሁን ደጃፋቸው ላይ ሞፈር ሲጠግኑ አገኟቸው። ከሴት ልጃቸው ከስህን ጋር ነው የሚኖሩት።

ቲቸር ሙሐዲን ስለ ፖድካስቱ ሲያነሳባቸው አንገታቸውን ደፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው... ወንድ ልጃቸው አንዳርጋቸው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ጎበዝ ተማሪ ነበር። በ2014፣ ጦርነቱ እነሱ ጋ በደረሰ ጊዜ ከብቶቹን ሊያሸሽ ወጥቶ በከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ተመታ። አልተመለሰም።

የቀሩት ደብተሮቹ ናቸው።

ወራት ሙሉ ሊከፍቷቸው አልደፈሩም። አንድ ቀን ግን አንዱን ገልጠው ድምፅ አውጥተው ሲያነቡት ልጃቸው የሚያናግራቸው መሰላቸው። ስህን በስልኳ ቀዳችው። መጽሐፍ ያጡ ተማሪዎች ቢሰሙት ምናለ ብላ ለቀቀችው።

«ያልገባኝን ምልክት እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት» አሉ። «ፊደሉን እንጂ ትምህርቱን አላውቀውም።»

ሀዲያ መሬት መሬት እያየች «አያ... ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ሞፈሩን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አብሽሪ ልጄ። እኔ ያቆምኩት ደብተሩ ስላለቀ ነው። ባንቺ አይደለም።»

ከላይዋ ላይ ሸክም የወረደላት መሰላት። አመስግናቸው ወጣች።

ቲቸር ሙሐዲን ከሽማግሌው ጋር ሲሰነባበት ስህን እስከ መንገዱ ሸኘቻት። እዚያ ሲደርሱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት...

«አላለቀም። አራት ደብተር ይቀራል። ያቺን ጽሑፍ ያነበቡ ዕለት እራት አልበሉም። ስንቱን የሰው ልጅ አሳስቼ ይሆን ሲሉ ነው ያመሹት።»

ሀዲያ ወደ ኋላ ተመለሰች። እየሮጠች።

ማንበቡን እንዲቀጥሉ ለመነቻቸው። ቲቸር ሙሐዲን አብሮ ያርማል፣ እኔም አጠገብዎ እቀመጣለሁ አለች። አያ ፈንታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁንማ ፈራሁ ልጄ።»

ገብተው በፌስታል የተጠቀለሉትን ደብተሮች ይዘው ወጡ። አንዱን ሰጧት።

«አንድ ገጽ አንብቢልኝ... በደንቡ።»

አነበበች። አንድም ቃል ሳትዘል ገጹን ጨረሰች። ቲቸር ሙሐዲን ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ቆሟል።

አያ ፈንታሁን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። ስትጨርስ ቀስ ብለው...

«ለካ ልጄ እንዲህ ነበር የሚለው» አሉ።

ፖድካስቱ እስከ ዛሬ አልቀጠለም። ሀዲያ ኮሜንቷን አጥፍታዋለች... ሽማግሌው ግን ቃል በቃል ይዘውታል።

ወዳጆቼ... ታዋቂ ያልሆነ፣ ድምፁ ያላማረ፣ የሚሳሳት ሰው ስታገኙ አርሙት እንጂ አታሸማቅቁት። ስህተትን በሁለት መስመር ማረም ይቻላል። በሁለት መስመር የተሰበረን ሰው መጠገን ግን ለሀዲያም አልሆነላትም።

እስቲ ልጠይቃችሁ... ተማሪ ሆናችሁ ማንም የማያውቀው፣ እናንተን ግን ያገዛችሁ ፖድካስት ወይም ቻናል የቱ ነው? አመስግናችሁታል ወይስ ስህተቱን ብቻ ነው የነገራችሁት? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ምናልባት ባለቤቱ ያነበው ይሆናል።