የክረምት መርዶ

ባለቤቴ ደምመላሽ ከፋብሪካ እየሳቀ ገባ። እኔም ሳቅሁለት። ወንድሙን ዛሬ ቀብረን መመለሳችንን አያውቅም።

ሐዘን የሠራተኛን ጉልበት ይበላል የሚል ጥናት ከወጣ ወዲህ፣ መርዶ የሚነገረው ፋብሪካዎቹ ለክረምት ሲዘጉ ብቻ ነው። እስከዚያ ቀብር የሚደርሰው የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው። ቀድሞ ያረዳም የተረዳም ከሥራ ይባረራል። ክንዳችን ላይ የታሰረው አምባር ለቅሶ ከሰማ ቀይ ይበራል።

«እጅህን ታጠብ፣ ራት ደርሷል» አልኩት።

አልታጠበም። አንገቴን አንገቴን ያያል። ለካ ነጠላዬን ከቀብር እንደመጣሁ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ እንደ ሐዘንተኛ ለብሼው ኖሯል። ጉድ ፈላ! የወንድሙን ሞት ነቃብኝ ብዬ ጥለቱን ወደ ታች ልገለብጠው ተጣደፍኩ።

እሱ ግን ተጠጋኝና አምባሬን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ትብለጥ፣ ማነው የነገረሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። እናቴ ፈትላ የላከችልኝን ጋቢ አየና ቶሎ አቀረቀረ።

«ምንም» አለና አምባሬን ለቅቆ ሳቀ።

እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ። ክረምት እስኪገባ ገና ነው።