የወይዘሮ ዘውድነሽ መንጃ ፈቃድ

ካሜራ የሰውን ስሜት ከልቡ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስቀረት ከጀመረ አርባ ዓመት ሆኖታል። ወይዘሮ ዘውድነሽ ይህን የተረዱት በሠርጋቸው ማግስት ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው ሙሽራ እስከ ዛሬ በደስታ ትፍለቀለቃለች፤ እሳቸው ግን ሲያዩዋት የሰው ሠርግ የሚያዩ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ብልሃቱን አወቁበት። እሑድ እሑድ ቁጭ ብለው ልባቸውን ይፈትሻሉ። ንዴቱን ከቅናቱ፣ ቅናቱን ከሐዘኑ ይለዩና መሸኘት የሚፈልጉትን ብቻ ፊታቸው ላይ አውጥተው ፎቶ ይነሳሉ።

ዛሬ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ አራት ጊዜ የወደቁበትን የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለፉ። በኩራት ደረታቸው ተነፍቶ ሳለ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ወንበር አሳያቸው።

«እናቴ፣ ለመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ይነሱ።»

ልጃቸው ምንትዋብ ክው አለች። «እማዬ፣ ኩራትሽን ሊወስድብሽ ነው!»

«ዝም በይ! የአርባ ዓመት እሑድ በከንቱ አልሄደም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በወደቁ ቁጥር የተጠራቀመውን፣ መሪ ሲጨብጡ እጃቸውን የሚያንቀጠቅጠውን ፍርሃት ከሆዳቸው ጥግ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። ካሜራው ብልጭ አለ።

ሠራተኛው ፎቶውን አይቶ ሳቁን ዋጠ። «እናቴ፣ በጣም የፈሩ ይመስላሉ። እንደገና ላንሳዎት?»

«የለም ልጄ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ትፍራ» አሉና ካርዱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ የመኪናውን ቁልፍ ከምንትዋብ በማይንቀጠቀጥ እጅ ተቀበሉ።